ስለ ፓርኪንሰን ሕመምና ያለ ግጥሚያ ስለሚደረግ የቦክስ ልምምድ

በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በመምህራን ጉባኤ ላይ ስለ ቦክስ ንግግር መደረጉ ለብዙዎች እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ቦክስ የጎረምሶች ጨዋታ ነው፤ መምህር ግን ተማሪዎች ቡጢ ሲሰናዘሩ ገላግሎ ወደ ክፍላቸው የሚመልስ ሰው ነው። ሆኖም በዚህ ንግግር የሚነሣው ቦክስ ሰው ሰውን የማይመታበት፣ አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት፣ ከተለማማጆቹም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች የሆኑበት ልዩ ልምምድ ነው። የሚለማመዱትም ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ናቸው።

ነገሩ መምህራንን በሁለት ምክንያት ይመለከታል። አንደኛው፣ ይህ ሕመም ከሰው ላይ ከሚወስዳቸው ነገሮች መካከል የእጅ ጽሕፈትና የድምፅ ኀይል ይገኙበታል፤ እነዚህም ሁለቱ መምህር እንጀራውን የሚበላባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሁለተኛው፣ የሕመሙን ጉዳት ለመቋቋም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የሚገኘው ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከትምህርት ነው፤ ይኸውም አንድ አሠልጣኝ ቆሞ እያሳየ፣ እየቈጠረ፣ እያረመና እየደጋገመ ከሚሰጠው ትምህርት ነው። ስለዚህ መምህር በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ እንደ ሕመምተኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ረዳት ሆኖ ይገባበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ምንነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው በለንደን ከተማ ሆክስተን በተባለው ሰፈር ይሠራ ከነበረው ከሐኪሙ ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ይህ ሰው በ1817 ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፏም ውስጥ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ዘርዝሮ ገለጸ፤ ከስድስቱ መካከል ግን ገሚሶቹን ያያቸው በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ላይ ሲያልፉ ነው፤ አንደኛውንማ ከሩቅ ሆኖ ከመመልከት በቀር አልቀረበውም። ይህም የሚያስረዳው፣ ሕመሙ ለሚያስተውል ዐይን ከሰው አካሄድና ከሰው አቋቋም ብቻ ሊታወቅ እንደሚችል ነው። ከእርሱ በኋላ በፓሪስ ሳልፔትሪየር በተባለው ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ዣን ማርተን ሻርኮ ሕመሙ እውነተኛ ሽባነት እንዳልሆነ፣ ሕመምተኛም ሁሉ እንደማይንቀጠቀጥ አስረዳ፤ ስሙም የፓርኪንሰን ሕመም እንዲባል ያደረገው እርሱ ነው።

የሕመሙ ሥር የት እንዳለ እየታወቀ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በፓሪስ ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ፣ በእነዚህ ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ፣ ከመካከለኛው ክፍል፣ መልኩ ጠቈር ያለው ትንሽ ስፍራ መጎዳቱን አሳየ። ከ1957 ጀምሮ የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን የተባለው ቅመም በአንጎል ውስጥ መልእክት አስተላላፊ መሆኑን አረጋገጠ፤ ለዚህም ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1960 ደግሞ በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን ሕመም በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ይኸው ዶፓሚን እጅግ ጎድሎ መገኘቱን ገለጸ። በ1967 በአሜሪካ ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓ የተባለውን መድኃኒት በብዛት በመስጠት ሕመምተኞች እንዲንቀሳቀሱ ለማድረግ ቻለ። መድኃኒቱ እስከ ዛሬ ድረስ የሕክምናው ምሰሶ ነው።

የነገሩ አሠራር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ሰው በልጅነቱ መራመድን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ መጻፍን በብዙ ድካም ይማራል፤ ከተማረው በኋላ ግን ሳያስብበት ይሠራዋል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ የሚያስበው ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ ጣቶቹ አይደለም። ይህ በልማድ የሚፈጸም ሥራ ሁሉ ሳይሰናከል እንዲሄድ ዶፓሚን ያስፈልጋል። ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ፣ ከልማድ የተነሣ በራሱ ይሄድ የነበረው እንቅስቃሴ እያነሰና እየዘገየ ይመጣል፤ ሰውነትም ይደርቃል፤ በብዙዎች ዘንድ እጅ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ በኋላም ሚዛን መጠበቅ ያስቸግራል። ምልክቱ በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ከእነዚያ ሕዋሳት ብዙዎቹ አስቀድመው አልቀዋል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ይበልጡን የሚይዘው ስድሳ ዓመት ገደማ የደረሱትንና ከዚያ በላይ የሆኑትን ቢሆንም፣ በአርባዎቹና ከዚያም በታች ያሉትን የሚይዝበት ጊዜ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 በመላው ዓለም ከ8.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ ሕመም እንደነበረባቸው ገምቷል፤ ቍጥሩም በ25 ዓመት ውስጥ እጥፍ መሆኑን አስታውቋል።

አሁን ነገሩን ወደ ትምህርት ቤት መልሶ ማየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል ብዙ ዘመን ያገለገለ አንድ መምህር እንዳለ ይታሰብ። በስም መጥሪያ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ፊደል በመስመሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ወትሮው ሰፊ ይሆንና ወደ መጨረሻው እያነሰ፣ እየተጨናነቀ ይሄዳል። ድምፁ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡትን ተማሪዎች አይደርስም፤ እርሱ ግን እንደ ቀድሞው አጥብቆ የሚናገር ይመስለዋል። ፊቱ ስለማይፈታ ተማሪዎቹ የተቈጣ መስሏቸው መጠየቅ ይፈራሉ። ሲራመድ አንደኛው እጁ አይወዛወዝም። ደወል ተደውሎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እስኪደርስ ጊዜው ያልፋል። ከነዚህም ምልክቶች በፊት ምናልባት ሽታ መለየት አቅቶት፣ በእንቅልፉም ውስጥ እየጮኸና እየተወራጨ ቤተ ሰቡን ያስደነግጥ ይሆናል።

ይህን መምህር የሚያዩት ሰዎች ምን ይላሉ? አንዱ ሰነፈ ይላል። ሌላው ኰራ ይላል። እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየው ደግሞ መጠጥ ጀመረ ይላል። ዲሬክተሩም ስለ መዘግየቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍለታል። መምህሩ ራሱ አፍሮ እጁን በኪሱ ይደብቃል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ የሚነገረውን ተረት እያወቀው ይደብቃል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሕመሙ ከሚያደርሰው ጉዳት በፊት የሰው ፍርድ ይጎዳዋል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ኀላፊዎች እነዚህን ምልክቶች ቢያውቁ፣ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፊት ወደ ሐኪም የሚያደርስ ደብዳቤ ለመጻፍ ይችላሉ።

ሐኪሙ የሚያዝዘው ሌቮዶፓ ለብዙዎች ታላቅ እርዳታ ይሰጣል። ነገር ግን መድኃኒቱ የጎደለውን ይተካል እንጂ የሕዋሳቱን መሞት አያቆምም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኀይሉ ከአንዱ መዋጫ ሰዓት እስከ ሌላው ሳይደርስ የሚያልቅበት፣ ወይም ሰውነትን ያለ ፈቃድ የሚያወራጭበት ጊዜ ይመጣል። በተለይም ለሚዛን ማጣት፣ ለድምፅ መድከምና እግር እንደ ተቸነከረ ቆሞ ለመቅረቱ መድኃኒቱ ብቻውን በቂ አይሆንም። የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒቱን በዋና ዋና መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባውም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች እንደ ልብ እንደማይገኝ ወይም ዋጋው ከብዙ ሰው አቅም በላይ እንደሆነ ራሱ ድርጅቱ ገልጿል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሰውነት እንቅስቃሴ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል እንዲሆን አድርጎታል።

ይህም በግምት የተባለ አይደለም። በ2012 በአሜሪካ በኦሬገን በ195 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ታይ ቺ የተባለው ቀስ ያለ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ ሚዛንን አሻሽሎ መውደቅን ቀነሰ። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ሕመሙ ገና የጀመራቸውን 128 ሰዎች ይዞ ነበር፤ ከእነርሱም በመራመጃ መኪና ላይ በሳምንት አራት ቀን ልባቸው አጥብቆ እስኪመታ ድረስ እንዲራመዱ የታዘዙት ወገኖች፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁኔታቸው ልምምድ ካላደረጉት ያነሰ ተባብሶ ተገኘ። በ2019 ደግሞ በሆላንድ አገር 130 ሰዎች ተካፋይ በሆኑበት ጥናት፣ በቤታቸው በቆመ ብስክሌት ላይ የሚለማመዱት ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ተገኝተዋል። ልምምድ ሕመሙን ያድናል ያለ የለም፤ ነገር ግን ሰው በራሱ እግር ቆሞ የሚኖርበትን ጊዜ ሊያራዝም እንደሚችል ተስፋ የሚያደርግ ማስረጃ አለ።

ቦክስ ወደዚህ ነገር የገባው በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው። ስኮት ኒውማን የተባለው ሰው በዚያ አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ያገለገለ ነበር። ገና አርባ ዓመት ሲሆነው የፓርኪንሰን ሕመም እንደያዘው ተነገረው። ሕመሙም ሲከብድበት፣ በወጣትነቱ ቦክስ ይጫወት የነበረ አንድ ወዳጁ ጓንት አልብሶ ያለማምደው ጀመር። ኒውማን በልምምዱ ሰውነቱና መንፈሱ ሲበረታ ባየ ጊዜ፣ ያገኘውን ለራሱ ብቻ ሊያስቀረው አልወደደም፤ በ2006 ሮክ ስቴዲ ቦክሲንግ የተባለውን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች አንዷ ክሪስቲ ሮዝ ፎልማር ራሷ በሙያዋ ቦክሰኛ የነበረች ሴት ናት። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቶ በአሜሪካና ከአሜሪካ ውጭ በብዙ መቶ በሚቈጠሩ ስፍራዎች ትምህርቱ ይሰጣል።

ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ለመምህር ዐይን እንግዳ አይደለም። ተለማማጆቹ በመጀመሪያ ይመረመራሉ፤ ሕመሙ እንደ ጠናባቸው መጠንም በየደረጃው ይመደባሉ። ክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ሰውነት በማሟሟቅና በማፍታታት ይጀመራል። ቀጥሎ ተለማማጁ ጓንት ለብሶ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ አንዱን ወደ ፊት አስቀድሞ ይቆማል። ከዚያም ከጣራ የተንጠለጠለውን ከረጢት፣ ወይም አሠልጣኙ በመዳፉ የያዘውን ትራስ ይመታል። እያንዳንዱ የአመታት ዐይነት ቍጥር አለው፤ አንድ ሲባል ከፊት ባለው እጅ በቀጥታ፣ ሁለት ሲባል ከኋላ ባለው እጅ በቀጥታ፣ ሦስት ሲባል ከጎን በኩል ይመታል። አሠልጣኙ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት» ብሎ ይጠራል፤ ተለማማጁም ቍጥሩን በከፍተኛ ድምፅ እየመለሰ ይመታል። በመካከሉም እንደ ልጆች ጨዋታ ኳስ መቀባበል፣ መሬት ላይ የተሠመረ መስመር መሻገር፣ ከምንጣፍ ላይ ወድቆ የመነሣት ዘዴ ይለማመዳሉ። ማንም ማንንም አይመታም፤ በማንም ራስ ላይ እጅ አይሰነዘርም።

ታዲያ ከብዙ የስፖርት ዐይነት መካከል ይህ የሚስማማበት ምክንያት ምንድን ነው? ሕመሙ የሚያደርሰውንና ልምምዱ የሚጠይቀውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይበቃል። ሕመሙ እንቅስቃሴን ያሳንሳል፤ ቡጢ ግን ክንድን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ካልተሰነዘረ ከረጢቱን አይነካም። ሕመሙ ያዘገያል፤ ልምምዱ ፍጥነት ይጠይቃል። ሕመሙ ወገብን አድርቆ ሰውን እንደ ግንድ ያደርጋል፤ ከጎን የሚመታ ሰው ግን ወገቡን ሳያዞር ሊመታ አይችልም። ሕመሙ ሚዛን ያሳጣል፤ ቦክሰኛ የመጀመሪያ ትምህርቱ የእግር አቋቋም ነው። ሕመሙ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሥራትን ያከብዳል፤ እየተራመዱ፣ እየቈጠሩና እየመቱ መለማመድ ግን ይህንኑ ችሎታ ያሠለጥናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ትእዛዙ ነው። ከላይ እንደ ተነገረው፣ በሕመሙ የሚሰናከለው በልማድ በራሱ የሚሄደው መንገድ ነው። ሰው አስቦና ትኩረት ሰጥቶ የሚሠራበት መንገድ በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ተርፎ ይገኛል። መራመድ አቅቶት በበር ላይ የቆመ ሕመምተኛ፣ ወለሉ ላይ መስመር ሲሠመርለት ወይም ሌላ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሲቈጥርለት ተነሥቶ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከውጭ የሚሰማ ድምፅና የሚታይ ምልክት የተዘጋውን መንገድ ትቶ በሌላ መንገድ ያሳልፈዋል። እንግዲህ የአሠልጣኙ አጠራር ማዳመቂያ ብቻ ሳይሆን የልምምዱ እምብርት ነው። ፊደል የሚያስቈጥር መምህር ከልጆች ጋር የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ እርሱም ድምፁን ያሰማል፣ ልጁ ይመልሳል፤ ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ልጁ የራሱ ያደርገዋል።

ተለማማጁ ቍጥሩን እየጮኸ እንዲመልስ መደረጉም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሎሬይን ራሚግ የተባለችው የንግግር ሊቅና ባልደረቦቿ ሊ ሲልቨርማን ለተባለች ሕመምተኛ መታሰቢያ በሰየሙት ሕክምና፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንድ ነገር ብቻ፣ ይኸውም ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገርን፣ አዘውትሮ ቢለማመድ ንግግሩ እንደሚጠራ አሳይተዋል። ሕመምተኛው የጮኸ ሲመስለው ለሰሚው ልክ ነውና፣ ጆሮው እንደ ገና መማር አለበት። የቦክሱ ክፍል የዚያን ሕክምና ቦታ አይተካም፤ ሆኖም ድምፁ ለደከመ ሰው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያለ ሐፍረት የሚጮኽበትን ስፍራ ይሰጠዋል።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ቦክስ ራሱ አንጎልን የሚጎዳ ሆኖ ሳለ እንዴት ለአንጎል ሕመም መድኃኒት ይሆናል? ጥያቄው ትክክል ነው። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ራሳቸውን ደጋግመው የተመቱ ቦክሰኞች እንደ ሰካራም የሚንገዳገዱበትን ሕመም ገልጾ ጽፏል። ስመ ጥሩው መሐመድ አሊም ከቦክስ ከተሰናበተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ በ42 ዓመቱ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረው። በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክን ችቦ በሚንቀጠቀጥ እጅ ሲያበራ ዓለም ሁሉ ተመልክቶታል፤ በ2016 ዐረፈ። የእርሱን ሕመም ያመጣው የተቀበለው ቡጢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሐኪሞች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ሆኖም ጉዳት የሚያመጣው በራስ ላይ የሚያርፈው ምት ነው እንጂ፣ ቦክሰኛ ለግጥሚያ ሲዘጋጅ የሚያደርገው ሩጫ፣ የእግር ሥራና ከረጢት መምታት አይደለም። ያለ ግጥሚያ የሚደረገው ቦክስ የዝግጅቱን ጥቅም ወስዶ የግጥሚያውን አደጋ ትቷል። ማንም አሠልጣኝ ሕመምተኞችን እርስ በርስ እንዲገጣጠሙ ሊፈቅድ አይገባውም።

የሚሰጠውንም ጥቅም ከልክ በላይ ማጋነን አይገባም። በ2011 በኢንዲያናፖሊስ ስቴፋኒ ኮምስና ባልደረቦቿ ያሳተሙት የመጀመሪያው ጥናት ስድስት ሰዎችን ብቻ የተከታተለ ነበር፤ ሚዛናቸው፣ አካሄዳቸውና የዕለት ኑሯቸው ተሻሽሏል፤ ሕመሙ የቀለለላቸው ቶሎ፣ የጠናባቸው ደግሞ ዘግይተው መሻሻል አሳዩ። በ2013 ያሳተሙት ሁለተኛው ጥናት 31 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሶቹን በቦክስ፣ ገሚሶቹን በተለመደው የሰውነት ልምምድ አሠለጠነ። ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ። ቦክሰኞቹ በአካሄድ ፍጥነትና ረጅም መንገድ በመራመድ ጠነከሩ፤ የተለመደውን ልምምድ ያደረጉት ደግሞ «አልወድቅም» ብሎ በራስ በመተማመን በለጡ። እንግዲህ ቦክስ ከሌሎች ሁሉ ይበልጣል ለማለት አይቻልም። ለማለት የሚቻለው፣ በትጋት የተያዘ ልምምድ እንደሚረዳና፣ ሰው የሚተጋውም ደስ በሚለው ነገር እንደሆነ ነው። ብዙዎች ቦክስን የሚወዱበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ተብሎ የሚዋል ሰው በዚያ ሰዓት ቦክሰኛ ይባላልና።

ልምምዱን ለመጀመር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አስቀድሞ የሐኪም ፈቃድ ይጠየቅ፤ በተለይ ልቡን የሚያመው፣ አጥንቱ የሳሳ፣ ሲነሣ የሚያዞረው ሰው ያለ ምርመራ አይጀምር። ሰዓቱ መድኃኒቱ በሚሠራበት ጊዜ ይሁን። ሚዛኑ የደከመ ሰው ከኋላው የሚደግፈው ረዳት ይኑረው፤ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይምታ። ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ውሃም ከአጠገብ አይጥፋ። ልምምዱ ከትንሹ ጀምሮ በየሳምንቱ ይጨምር፤ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። በሌላ በኩል ግን ለይስሙላ እጅን ማወዛወዝ አይበቃም፤ የሰውነት ሁኔታ እስከ ፈቀደ ድረስ ሊያልብና ሊያስተነፍስ ይገባል።

ከዕቃና ከገንዘብ እጦት ይልቅ ይህን ነገር የሚያሰናክለው ፍቅር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ ዘንድ ታላቅን ማክበር ማለት ማስቀመጥ ማለት ነው። አባት ሲገቡ ልጅ ከወንበሩ ይነሣል፤ «አይድከሙ፣ ይቀመጡ» ይላል፤ ውሃ ያቀርባል፤ ጫማ ያወልቃል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን አባት የፓርኪንሰን ሕመም በያዛቸው ጊዜ ይኸው አክብሮት ሳይታወቅ ይጎዳቸዋል። ልጁ ቁልፋቸውን ይቈልፍላቸዋል፣ ያጎርሳቸዋል፣ ከበር እስከ ደጅ ደግፎ ይወስዳቸዋል፤ እርሳቸውም ቀስ በቀስ የቀረቻቸውን ችሎታ ይረሳሉ። እግር ከመቀመጥ ብዛት ይበልጥ ይደርቃል። ልብም አብሮ ይወድቃል፤ ሐዘንና ተስፋ መቍረጥ ከሕመሙ ጓደኞች አንዱ ነውና። እንዲህ ላሉ አባት ትልቁ አክብሮት «ይቀመጡ» ማለት ሳይሆን፣ «አብረን እንነሣ» ማለት ነው። ቁልፋቸውን ለመቈለፍ ሩብ ሰዓት ቢፈጅባቸው ሩብ ሰዓቱን በትዕግሥት መጠበቅ ከመቈለፍ ይልቅ ከባድ ፍቅር ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶችና የመምህራን ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ተማሪ ከሄደ በኋላ ባዶውን የሚውል አዳራሽ አለ። ሰውነትን ማፍታታትና በየደረጃው ማሠልጠን የሚያውቅ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር አለ። የቦክስ ጓንት ባይገኝ፣ ጨርቅ የታሸገበት ከረጢትና በዘንግ ላይ የታሰረ ትራስ ይበቃል፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ የሚሠመር መስመር ምንም ዋጋ የለውም። በአቅራቢያው ያለ ሐኪም ወይም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ቢመክራቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና የሰፈሩ ሽማግሎች በሳምንት ሁለት ቀን ተሰብስበው ሊለማመዱ ይችላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፣ ብቻውን በቤቱ የሚሰንፈው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ይበረታል።

በሥራ ላይ ያለ መምህርም ቢታመም፣ ሕመሙ በተገለጠ ማግስት ከክፍል መውጣት የለበትም። የመድኃኒቱን ሰዓት ተከትሎ የትምህርት ሰዓቱን ማስተካከል፣ መማሪያ ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ፣ የመዝገቡን ጽሕፈት ለሌላ መስጠት፣ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ማዋስ፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ዲሬክተር ሥልጣን አይወጣም። ለተማሪዎቹም እውነቱ በመምህሩ ፈቃድ ቢነገራቸው፣ ፊቱ ያልተፈታው ተቈጥቶ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ከመጽሐፍ የማያገኙትንም ትምህርት ያገኛሉ።

ክቡራትና ክቡራን፤ የፓርኪንሰንን ሕመም የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሊቃውንቱ ይፈልጋሉ፤ እስኪያገኙት ድረስ ግን ሕመምተኛው በየቀኑ መነሣት፣ መልበስ፣ መራመድ፣ ስሙን መጻፍና ሐሳቡን መናገር አለበት። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ሰው «አልችልም» ሲል «እንደ ገና እንሞክር» የሚለው፣ ሲሳሳት የማይሰለቸው፣ ቢዘገይም የሚጠብቀው፣ ሲያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያመሰግነው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከሌሎች ሙያዎች ሁሉ ይልቅ በመምህርነት ሥራ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። የሚቀረው በየትምህርት ቤቱ አንድ አዳራሽ መክፈት፣ አንድ ከረጢት ማንጠልጠልና ቈጠራውን መጀመር ነው።